የሁለቱም ፊውዝ አንድ ነበር

ያን እሑድ ወንድሜን ስጠላው ነው የዋልኩት። ይህን በመጀመሪያ የምጽፈው ሰዎች ሲያገኙኝ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው «በጣም ትዋደዱ ነበር አይደል?» ስለሚሉኝ ነው። መልስ አይጠብቁም። እንዋደድ ነበር። ያን ቀን ግን ጠልቼው ነበር፤ እሱም ከእኔ የተሻለ አልነበረም።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከፎቁ ሥር የመኪናውን ጡሩምባ ነፋ። አንዴ አይደለም፤ አራቴ። ሰው ሁሉ ተኝቷል። እኔና እናቴ የምንኖረው እንግሊዝ አገር፣ ባተርሲ፣ ሦስተኛ ፎቅ ነው። እሱ ከከተማው ማዶ፣ ዌምብሊ፣ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ተከራይቶ ይኖር ነበር። በአሥር ዓመት ይበልጠኛል። እኔ ሃያ ሊሞላኝ ሁለት ወር ቀርቶኝ ነበር። ሁለተኛ ደረጃ ጨርሻለሁ፤ ውጤቴ ግን የትም አላስገባኝም። በሳምንት ሦስት ቀን አንድ ሱፐርማርኬት መጋዘን ውስጥ ካርቶን እደረድራለሁ። እናቴ አረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች፤ እሑድም ሺፍት አላት። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን የምንሄደው እኔና እሱ ነበርን። ሁለት ብቻ ብንሆን ምንም አልነበረም። ከክላፋም አንዲት አሮጊት እንወስዳለን። ዘመዳችን አይደሉም፤ እማማ ነው የምንላቸው። ጉልበታቸው የባቡር ጣቢያ ደረጃ አያስወጣቸውም። ወንድሜ «እኔ በየሳምንቱ እወስድዎታለሁ» ብሎ ቃል ገባላቸው። ቃል የገባው እሱ ነው። ከእንቅልፍ የሚነሳው ግን እኔም ነኝ።

እኔ ለምን እንደማስፈልገው ልንገር። የመኪናዋ መሪ በግራ በኩል ነው። እዚህ አገር ደግሞ መኪና በግራ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ከባስ ወይም ከቫን ጀርባ ስንሆን እሱ ከፊት ምን እንደሚመጣ አያይም። በቀኝ በኩል የተቀመጠ ሰው በመስኮት ብቅ ብሎ «ውጣ» ወይም «ቆይ» ማለት አለበት። ያ ሰው እኔ ነበርኩ። ለዚህ ብቻ ነበር የምፈለገው። እማማ ጉልበታቸው እንዳይታጠፍ ከፊት ስለሚቀመጡ፣ እኔ ከእሳቸው ኋላ ሆኜ አንገቴን አወጣለሁ።

መኪናዋን የሸጡለት የእድራችን ሰብሳቢ ናቸው። ጋሼ እንላቸዋለን። ወደዚህ ከመምጣታቸው በፊት አሜሪካ ኖረዋል፤ ሲመጡ ጓዛቸውን በመርከብ ጫኑ፤ ከጓዙ አንዷ እሷ ነበረች። በዕድሜ ከእኔ ትበልጣለች። አሮጌ ስለሆነች በከተማው ውስጥ በተነዳች ቁጥር የጭስ ክፍያ አለባት፤ ለዚህ ነው እሑድ እሑድ ብቻ የሚያወጣት። በሳምንት አንድ ቀን ለምትነዳ መኪና ሰው እንደዚያ ሲመጻደቅ አይቼ አላውቅም።

የሚመጻደቀው በቀበቶዋ ነበር። በዚያ ዘመን የተሠሩ አንዳንድ የአሜሪካ መኪናዎች የፊት ወንበር ቀበቶ በእጅ አይታሰርም። ከበሩ በላይ ቀጭን ሐዲድ አለ። በሩን ዘግተህ ቁልፉን ስታዞር፣ ፊት ለፊት በመስታወቱ ጥግ የነበረው የቀበቶ ጫፍ እያቃሰተ በሐዲዱ ላይ ወደ ኋላ ይሄድና ትከሻህ ጋ ሲደርስ ይቆማል። ደረትህ ታሰረ ማለት ነው። ሞተሩን ስታጠፋ ወይም በሩን ስትከፍት ወደ ፊት ይመለሳል። የወገቡ ቀበቶ ግን ለብቻው ነው፤ እሱን ራስህ ታስረዋለህ። ወንድሜ አስሮት አያውቅም። የደረቱ በራሱ ሲመጣለት ሁሉም ነገር ያለቀ ይመስለው ነበር። አዲስ ሰው ሲያሳፍር «እጅህን አታንቀሳቅስ፤ ዝም ብለህ ቁጭ በል፤ እሷ ታስርሃለች» ይላል። ከዚያ የሰውየውን ፊት ያያል። ሠላሳ ዓመት የሞላው ሰው እንደዚህ ሲሆን ያሳፍራል።

ከፋሲካ ወዲህ በእማማ በኩል ያለው ተበላሸ። ግማሽ መንገድ ሄዶ አፍንጫቸው ፊት ይቆማል። ይመለሳል። እንደገና ይመጣል። አንዳንዴ ቤተ ክርስቲያን እስክንደርስ ድረስ ሲሄድና ሲመጣ ይቆያል። ወንድሜ «ቅዳሜ መካኒክ ጋ አስገባታለሁ» አለ። ሦስት ቅዳሜ አለፈ። ባለፈው እሑድ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ለጋሼ ብንነግራቸው «ምን ያስጨንቃችኋል? ለቀበቶው ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን ፊውዝ ነቅላችሁ መገላገል ነው። እኔ አሜሪካ አንድ ክረምት ሙሉ እንደዚያ ነድቻታለሁ» አሉን። ፈገግ እያሉ ነው ያሉት። ይህን የምጽፈው ያኔ በትክክል እንዲህ ስላሉ ነው፤ አሁን የጨመርኩት የለም።

ያን እሑድ ክላፋም ስንደርስ እማማ በራቸው ላይ ቆመዋል። ነጠላቸው የታጠበ፣ የተተኮሰ ነው። ገቡ፤ እግራቸውን በሁለት እጃቸው አንስተው አስገቡ።

«ይሄ እባብ ዛሬም አልሞተም?» አሉ ሐዲዱን እያዩ።

«ትንሽ ይታገሡት እማማ፣ ቅዳሜ ይሠራል» አለ ወንድሜ።

«እኔማ ታገሥኩት። እሱ ነው እንጂ እኔን የማይታገሠኝ።»

ቁልፉን አዞረ። ቀበቶው መጣ፤ ግማሽ መንገድ ላይ የነጠላቸውን ጫፍ በሐዲዱ መሃል ያዘና ወደ ፊት ተመለሰ። ነጠላው ከራሳቸው ላይ ተገፈፈ። እማማ በሁለት እጃቸው ይዘው ይጎትታሉ፤ መኪናዋም ትጎትታለች።

«ኧረ በማርያም! ልብሴን ልትገፈኝ ነው! በቅዳሴ ቀን ራሴን ልትገልጠኝ!»

«ቆይ፣ ቆይ፣ አይጎትቱት!» ይላል ወንድሜ። እየሳቀ ነው። ሳቁን ዋጥ ለማድረግ ይሞክራል፤ አልቻለም። እኔ በሩን ስከፍት ቀበቶው ለቀቀ። ነጠላው ጥለቱ ላይ አንድ ጣት ያህል ተቀድዷል፤ ጥቁር ቅባትም ነክቶታል።  እማማ ቅዳጁን በጣታቸው ያጥፉታል።

በቃኝ። በእሱ በኩል ዞሬ በሩን ከፈትኩና ከመሪው በታች ያለውን የፊውዝ ሣጥን ከፈትኩ።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ጋሼ ያሉትን።»

«ተው፣ ቅዳሜ ነው አልኩ እኮ።»

«የትኛው ቅዳሜ? አንተ ቀን መቁጠር ትችላለህ?»

በሣጥኑ ክዳን ላይ የትኛው ፊውዝ የምን እንደሆነ በትናንሽ ፊደል ተጽፏል። አነበብኩ። ነቀልኩት። ኪሴ ከተትኩት። በሩን በኃይል ዘጋሁበት።

ቁልፉን ሲያዞር ምንም ድምፅ አልመጣም። የእማማ ቀበቶ ከፊት መስታወቱ ጥግ እንዳለ ቀረ። ወንድሜ ወደ ግራው ቀና አለ። የእሱም እዚያው ነው።

«የእኔንም አጠፋኸው እኮ» አለ።

«የሁለቱም ፊውዝ አንድ ነው።»

«መልሰው።»

«እማማን መልሰን ቤታቸው ስናደርስ እመልሰዋለሁ። እስከዚያ የወገቡን እሰር። እጅ አለህ አይደል?»

እማማ ነጠላቸውን አስተካክለው ወንበሩን መታ መታ አደረጉ። «እሰይ። አሁን ገና መኪና ሆነች።»

የወገባቸውን ቀበቶ ከኋላ ጎንበስ ብዬ እኔ አሰርኩላቸው። ወንድሜ የራሱን አላሰረም። አየሁት። ደግሜ እሰር አላልኩትም። በመንገድ ሁሉ የተናገርኩት «ውጣ»ና «ቆይ» ብቻ ነው። አንድ ቦታ ላይ ከባስ ጀርባ ሆነን መንገዱ ባዶ እያለ ዝም አልኩ፤ ሆን ብዬ። እሱ ጠበቀ። ከኋላ የነበረው ሰውዬ ጡሩምባ ነፋበት። በመስታወት አየኝ። መስኮት መስኮቱን አየሁ።

ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ጋሼ ግቢ ውስጥ አገኙን። «እሺ፣ ቀበቶው?» አሉ።

«ነቀልኩት» አልኳቸው።

«ጎበዝ!» ብለው ትከሻዬን መቱኝ። ወንድሜን ደግሞ «ከዚህ ልጅ ተማር» አሉት። በዚህ ተናደደ። ማንም ከእኔ ተማር ብሎት አያውቅም።

ስንመለስ እማማን ቤታቸው አስገባናቸው። መንገዱ ላይ ቆመን፣ የመኪናዋ በር ክፍት ሆኖ፣ ወንድሜ ጀመረኝ።

«እኔን በሰው ፊት ማዋረድ ደስ ይልሃል?»

«እኔ ምን አደረግሁ?»

«ምንም አታደርግም። ችግሩ እሱ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ምንም አላደረግህም። እማዬ የሰው ሽማግሌ እያጠበች አንተ ሶፋ ላይ ተኝተህ ስልክህን ታያለህ።»

«አንተስ? በዚህ ቆርቆሮ ልትኮራ ነው? ሰው እኮ ይስቅብሃል።»

«ሰው ይሳቅ። ፊውዙን አምጣ።»

«ግዛ።»

«አትቀልድ አንተ ልጅ። አምጣ።»

«ቅዳሜ መካኒክ ይሰጥሃል» አልኩትና መንገዱን ጀመርኩ።

ይህን በትክክል መጻፍ አለብኝ፤ ለራሴ ማሳመር አልፈልግም። አልረሳሁትም። ኪሴ ውስጥ መሆኑን አውቅ ነበር። ጣቴ ነክቶት ነበር። ሁለት እርምጃ ተመልሼ ልሰጠው እችል ነበር። ከጀርባዬ «ሂድ! ሶፋህ ናፍቆሃል!» ብሎ ጮኸ። ከእሱ የሰማሁት የመጨረሻ ነገር ይህ ነው። አልዞርኩም። እሱ ወደ ዌምብሊ ሄደ፤ እኔ በእግሬ ወደ ባተርሲ።

ቤት ገብቼ በእርግጥም ሶፋው ላይ ተኛሁ።

እናቴ በአሥራ አንድ ሰዓት ግድም ከሥራ ገባች። ወደ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ጋሼ ስልክ ደወሉ።

«ቤት ነህ?»

«አዎ።»

«እናትህ አለች?»

«አለች።»

«ለእሷ ምንም አትንገራት። አንድ ዕቃ የምታግዘኝ አለ፤ ውረድ።»

ከታች መኪናቸውን ሳያጠፉ ቆመዋል። ስገባ «ወንድምህ ትንሽ አደጋ ደርሶበታል፤ ሆስፒታል ነው፤ ይሻለዋል» አሉ። መንገዱን ሙሉ ስለ ሌላ ነገር አወሩ። ስለ ትራፊክ፣ ስለ ልጃቸው ፈተና። በኋላ እንደገባኝ ከመምጣታቸው በፊት ሁሉንም ያውቁ ነበር። ፖሊስ ዌምብሊ ሄዶ የወንድሜን በር ሲያንኳኳ፣ ጓደኞቹ መጀመሪያ የደወሉት ለእሳቸው ነው፤ ለእኔ ወይም ለእናቴ አይደለም። ይህ በክፋት የተደረገ አይደለም። በእኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ማታም አይነገርም። ሽማግሌ ተሰብስቦ በማለዳ ነው የሚያረዳው። እስከዚያ ሁሉም ያውቃል፤ የሟቹ ቤተሰብ ብቻ አያውቅም። ደንቡን አውቀዋለሁ። ለሌላ ሰው ሲደረግ እኔም ሰፈር ውስጥ ሰምቼ ዝም ብዬ አውቃለሁ። ያን ቀን ግን አርባ ደቂቃ ሙሉ ስለ ልጃቸው ፈተና ሰማሁ።

የነገረችኝ ሆስፒታሉ በር ላይ የጠበቀችን ፖሊስ ነች። ስሜን ጠየቀችኝ፤ ወንድሙ መሆኔን ጠየቀችኝ፤ አዝናለሁ፣ ሞቷል አለች። ጋሼ «ቀስ በይ፣ ቀስ በይ» ይሏታል በእንግሊዝኛ። ቀስ የሚባልበት ነገር አልነበረም።

ገብቼ አየሁት። ያየሁትን አልጽፍም።

ስወጣ ፖሊሷ ኮሪደሩ ላይ አስቀምጣኝ ጠየቀችኝ። ቫን ከጎን ነው የመታው፤ መስቀለኛ መንገድ ላይ፤ ከዘጠኝ ሰዓት ትንሽ አለፍ ሲል። ከዚያ «ወንድምህ ቀበቶ ያደርግ ነበር?» አለችኝ። የደረቱ ቀበቶ ከፊት መስታወቱ ጥግ ላይ እንደነበረ፣ የወገቡም እንዳልታሰረ ነገረችኝ። እንደዚህ ዓይነት መኪና አይታ አታውቅም። እንዴት እንደሚሠራ እንድነግራት ትፈልጋለች።

ጋሼ ቀድመው መለሱ። «ሁልጊዜ ያደርጋል» አሏት። ወደ እኔ ሳይዞሩ በአማርኛ «ዝም በል» አሉኝ። ዝም አልኩ። ፖሊሷ አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን አየች፤ የስልክ ቁጥሯን ጽፋ ሰጠችኝ፤ ሌላ ቀን እንነጋገራለን አለች።

ወደ ቤት ስንመለስ ጋሼ ዕቅዱን ነገሩኝ። በማለዳ አሥራ አንድ ሰዓት ይመጣሉ። እናቴ ለሥራ የምትነሳው ያኔ ነው። ሴቶቹም ይመጣሉ። እኔ በሩን መክፈት ብቻ ነው ያለብኝ።

«ዛሬ ትብላ፣ ትተኛ። ከዚህ በኋላ እንቅልፍ የላትም» አሉ። «ደግሞ ስለ መኪና እንዳታነሳ። ልቡ ነው፣ በድንገት ነው እንላታለን። ሌላውን ቀስ ብላ ትሰማለች።»

«ልቡ አይደለም።»

«አውቃለሁ ልጄ። ለእሷ ብለን ነው።»

«ፊውዙን ንቀሉት ያሉን እርስዎ ነዎት።»

 ባተርሲ ስንደርስ መኪናውን አቆሙ።

«እኔ ያልኩት በእማማ በኩል ስላለው ነው» አሉ።

«አንድ ነው ፊውዙ። እርስዎ ያውቁታል። አንድ ክረምት ነድተዋል።»

«ነድቻለሁ።» እጃቸውን ከመሪው ላይ አላነሡም። «የወገቡን አስር ነበር።»

«ይህን ለምን አልነገሩንም?»

«ይህ ለሰው ይነገራል እንዴ?» አሉ። ከዚያ «ፊትህን ታጠብ፤ እንዳታውቅብህ» አሉኝ።

ታጠብኩ። ምድር ቤት ያለው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ቧንቧ አለ። ከዚያ ወደ ቤት ወጣሁ።

እናቴ ፓስታ ሠርታ ጠብቃኛለች። የት ነበርክ አለችኝ፤ ጋሼን ዕቃ ሳግዛቸው አልኩ። ወንድምህስ ዛሬ አልደወለም አለች፤ ስልኩ ባትሪ ጨርሶ ይሆናል አልኩ። ውሸቱ እንዴት ቀላል እንደሆነ ገረመኝ። እየበላን ሥራ ቦታዋ ስላለ አንድ እንግሊዛዊ ሽማግሌ ነገረችኝ። ሰውየው ዘጠና ዓመቱ ነው፤ ሁልጊዜ ይጠፋል። ዛሬ ጠፍቶ ሁሉም ሲፈልገው፣ እናቴ የሠራተኞች ክፍል ብትገባ የእሷን ካፖርት ለብሶ፣ ቦርሳዋን ይዞ፣ ወንበር ላይ ቁጭ ብሏል። «ምን ታደርጋለህ?» ስትለው «ሺፍቴ አለቀ፤ ወደ ቤቴ ልሄድ ነው» አላት። ድምፁን እያስመሰለች ነው የምትነግረኝ። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

እኔም ሳቅሁ። ካልሳቅሁ ታውቅብኛለች ብዬ ነው ብል ደስ ባለኝ። እንደዚያ አይደለም። ያስቃል፤ ሳቅሁ።

ከዚያ ተኛች። ስለዚያ ሌሊት የምጽፈው የለኝም። ልብሴን አላወለቅሁም።

ሊነጋ ሲል በመስኮት አየሁ። ከቆሻሻ ገንዳዎቹ አጠገብ ተሰብስበዋል። አሥራ አምስት ይሆናሉ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል፤ ወንዶቹ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ቆመዋል። አንዱ ሲያስል ሌላው በምልክት ዝም ያሰኘዋል። እናቴ እንዳትሰማ ነው። ሁሉም ስለ ልጇ ያውቃሉ። የማታውቀው እሷ ብቻ ነች፤ ያውም ከእነሱ በላይ ሦስት ፎቅ ተኝታ። በቀብርና በሐዘን ቀን ስንት ጊዜ እነዚህን ሰዎች ወድጃቸዋለሁ። ያን ጊዜ ግን ከመስኮቱ አንድ ነገር ልወረውርባቸው ፈለግሁ።

ጋሼ መልእክት ላኩልኝ። «ደርሰናል። በሩን ክፈት።»

ወደ በሩ ሄድኩ። አልከፈትኩትም። ሰንሰለቱን አስገባሁና ወደ እናቴ ክፍል ገባሁ።

«እማዬ፣ ተነሺ።»

«ደረሰ ሰዓቱ?» አለች። ዓይኗን ሳትገልጥ ስልኳን ትፈልጋለች።

መብራቱን አበራሁ። አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። እንዴት እንደሚነገር አላውቅም ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ያውቃሉ፤ ዙሪያውን እየሄዱ፣ ሰው ራሱ እስኪገባው ድረስ። እኔ ባንድ ትንፋሽ ነው ያልኳት።

«ወንድሜ ሞቷል። ትናንት በዘጠኝ ሰዓት። ቫን መታው። ቀበቶ አላሰረውም፤ ፊውዙን እኔ ነቅዬው ስለነበር። መልስልኝ አለኝ። እምቢ ብዬ ይዤው መጣሁ።»

አልጮኸችም። ተነሥታ ተቀመጠች። ፀጉሯ ላይ ያሰረችውን ሻሽ ነካች፤ እንደገና ነካች።

«ማን ነገረህ?»

«አይቼዋለሁ። ሆስፒታል ሄጄ።»

«መቼ?»

«ማታ።»

«ስትመለስ ነው ዕቃ ሳግዛቸው ያልከኝ?»

«አዎ።»

«ከዚያ ነው የበላኸው?»

«አዎ።»

«ስለዚያ ሽማግሌ ስነግርህ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ስቀሃል» አለች።

 ስለ ፊውዙ ትጠይቀኛለች ብዬ እየጠበቅሁ ነበር። እንድትጠይቀኝ፣ እንድትመታኝ እፈልግ ነበር። ስለ ፊውዙ አንድ ቃል አልተናገረችም። የበሩ ደወል ጮኸ። አንዴ፤ ቆይቶ ሁለቴ። በሹክሹክታ ሲነጋገሩ ከኮሪደሩ ይሰማናል።

«ልጄ ብቻውን ነው ያደረው?» አለች።

«አዎ።»

«ማንም አጠገቡ የለም?»

«ማንም።»

«እኔ እዚህ ተኝቼ» አለች። ከዚያ ሹራቤን ደረቴ ላይ ጨብጣ ያዘች። አልመታችኝም፤ አላቀፈችኝም፤ ያዘችኝ ብቻ፤ ወዲያና ወዲህ አወዛወዘችኝ። «እኔን አስተኝታችሁ! እኔን አብልታችሁ!» ያን ጊዜ ነው የጮኸችው። ከውጭም ሴቶቹ ሰሙ፤ ሳያዩን ኮሪደሩ ላይ ማልቀስ ጀመሩ።

ሄጄ በሩን በሰንሰለቱ ልክ ከፈትኩ። የጋሼ ፊት በክፍተቱ ታየኝ።

«ምን አደረግህ?» አሉኝ።

«ነገርኳት። ሁሉንም።»

«በል ክፈት፤ ከእሷ ጋር እንሁን።»

«እከፍታለሁ። ልቡ ነው እንዳይሏት።»

ከኋላቸው ሰዎች አሉ፤ ሁሉም ይሰማሉ። እማማም አሉ፤ በዚያ ጉልበት ሦስት ፎቅ ወጥተዋል፤ ሊፍቱ ከተበላሸ ሳምንቱ ነው። ጋሼ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ሰንሰለቱን አነሣሁ።

ገቡ። ሴቶቹ ወደ እናቴ ሲሮጡ እሷ ቀድማ ከክፍሏ ወጣች። የሥራ ልብሷን ሱሪ ለብሳለች፤ ከላይ ካፖርት። እንድትቀመጥ ፍራሽ ሊያወርዱላት ጀመሩ። አንዷ ወገቧን ይዛ ልታስቀምጣት ትታገላለች።

«አልቀመጥም» አለች እናቴ። «ልጄ ጋ ነው የምሄደው።»

«ገና ነው፣ በዚህ ሰዓት አያስገቡም» አሉ ጋሼ። «ትንሽ አልቅሺ፣ ይውጣልሽ፤ ሲነጋ እኔ እወስድሻለሁ።»

«ሲነጋ?» አለቻቸው። «እርስዎ ስንት ሰዓት ነው የሰሙት?»

 እማማ ብቻ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው «ልቀቋት፤ ትሂድ» አሉ።

ጃኬቴን ለበስኩ። ጋሼ የመኪናቸውን ቁልፍ አውጥተው በር ላይ ደረሱብኝ፤ «በባስ እንሄዳለን» አልኳቸው። ቤቱ ሙሉ ለቀስተኛ ትተን፣ በራችን ክፍት ሆኖ፣ እኔና እናቴ ደረጃውን ወረድን። ከላይ የለቅሶው ድምፅ እስከ ታች ይከተለን ነበር። ጎረቤቶች መጋረጃ ገልጠው ያያሉ።

ባሱ ሲመጣ እናቴ ቀድማ ገብታ ብቻዋን፣ አንድ ሰው በሚያስቀምጥ ወንበር ላይ ተቀመጠች። አጠገቧ እንድቀመጥ አልፈለገችም። ከኋላዋ ተቀመጥኩ። ከሥራ ቦታዋ ሦስት ጊዜ ስልክ ተደወለላት፤ አላነሣችውም። በአራተኛው ስልኩን ሳትዞር ወደ ኋላ ዘረጋችልኝ፤ ተቀብዬ አነሣሁት፤ ዛሬ እንደማትመጣ ነገርኳቸው፤ ለምን እንደሆነም ነገርኳቸው።

ሆስፒታሉ ጋ ልንደርስ ስንል የመውረጃውን ደወል ተጫንኩ፤ ስንወርድም በየት በኩል እንደሚገባ አሳየኋት።